ፊላና ደንገል የሚያጠሩት ውሃ ለሸርቆሌ ምን ይጠቅማል?

 

የሸርቆሌ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የስደተኞች መጠለያው ነው። ከአሶሳ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ሰዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ እንደገና ጦርነት ከተነሣ ወዲህም በኩርሙክ በኩል ብዙ ሰው ወደ ክልላችን ገብቷል። ሰው በበዛበት ቦታ ሁሉ በቅድሚያ የሚጠየቀው «ውሃ ከየት ይምጣ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። እኛ በዚህ እትም የምናነሣው ግን ተከታዩን ጥያቄ ነው፤ የመጣው ውሃ ከተጠቀምንበት በኋላ ወዴት ይሂድ?

ነገሩን በቁጥር እንየው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በመጠለያ ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ውሃ እንዲደርስ ይመክራል። ከዚህ ውስጥ የሚጠጣውና ወጥ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነው። ቀሪው ለልብስ፣ ለዕቃ፣ ለገላና ለውዱእ ውሎ መልሶ መሬት ላይ ይፈሳል። 10,000 ሰው 20 ሊትር ቢያገኝ በቀን 200 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ከዚህ ሦስት አራተኛው ቢፈስ 150 ሜትር ኩብ ነው። ይህ ማለት 10 ሜትር ኩብ የሚይዝ ቦቴ በየቀኑ 15 ጊዜ መንደር ውስጥ ውሃውን ሲገለብጥ ማለት ነው።

መውረጃ ያልተበጀለት ውሃ ቦኖው ሥር ጭቃ ሆኖ ይቆማል፤ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፍ ጠራርጎ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ከታች በኩል ያለው ሰው ደግሞ ከዚያው ወንዝ ይቀዳል። ስለዚህ የፍሳሽ ጉዳይ የንጽህና ብቻ ሳይሆን የጎረቤት ሐቅ ጉዳይም ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል፤ በውሃ መውረጃ፣ በመንገድና ሰው በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳትንም እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች ቆጥረውታል። ሦስቱም ቦታዎች የጋራ መጠቀሚያ መሆናቸውን ልብ በሉ።

በዓለም ላይ ፍሳሽ ማጣሪያ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ፓምፕ፣ ሞተርና ኬሚካል ያለው ፋብሪካ ነው። ለሸርቆሌና መሰል ቦታዎች ይህ ዋጋው የማይቀመስ ነው፤ ቢሠራም መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ሌላ መንገድ ግን አለ። እሱም የረግረግ ተክልን አሠልፎ ውሃውን በዝግታ ማሳለፍ ነው።

ማጣራቱን የሚሠራው ማን ነው?

ብዙ ሰው ተክሉ ቆሻሻውን መጥጦ የሚጨርሰው ይመስለዋል። ተክሉ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን ለምግቡ ይወስዳል፤ ይህ እውነት ነው። ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ግን በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ በጠጠሩና በሥሩ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ከውሃው ጋር የሚመጣውን የምግብ ትራፊ፣ ሳሙናና ሌላውን ብስባሽ ሰባብረው ይመገቡታል።

ታዲያ ተክሉ ለምን አስፈለገ? ረግረግ ውስጥ አየር የለም። ተራ ተክል ሥሩ ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ ከቆየ ታፍኖ ይሞታል። ደንገልና ፊላ ግን ግንዳቸው ውስጡ ስፖንጅ መሰል ነው። በዚያ ባዶ ቦታ አየር ከቅጠል ወደ ሥር ይወርዳል፤ ከሥሩም ጥቂት ኦክሲጅን ወደ ውጭ ያመልጣል። በሥሩ ዙሪያ ኦክሲጅን ያለበት ቀጭን ቀጠና ይፈጠራል፤ ከዚያ ራቅ ሲል ደግሞ ኦክሲጅን የለም። ለማጣራቱ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ኦክሲጅን ባለበት ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ ኦክሲጅን በሌለበት ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል። ሥሩ በተጨማሪ ጠጠሩ ውስጥ መተላለፊያ ይከፍታል፤ ለባክቴሪያዎቹም ቤት ይሆናል።

በሽታ አምጪ ተሕዋስያንስ? ትልልቆቹ የጥገኛ ትል እንቁላሎች በክብደታቸው ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ባክቴሪያዎቹ በጠጠሩ ይጣራሉ፤ በሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ይበላሉ፤ የቀሩትም ከሰው አንጀት ውጭ በቆዩ ቁጥር ይሞታሉ። የዚህ ሁሉ ቁልፍ ጊዜ ነው። ውሃው ከገባበት እስከሚወጣበት በርከት ያሉ ቀናት መቆየት አለበት። በዚህ ረገድ የእኛ አካባቢ ሙቀት ትልቅ ጸጋ ነው። በሙቀት ባክቴሪያዎች ፈጥነው ስለሚሠሩ፣ በቀዝቃዛ አገር ለአንድ ሰው 5 ካሬ ሜትር ያህል መደብ ሲያስፈልግ በሞቃት አገር ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃል።

አሠራሩ

አሠራሩ ልዩ ልዩ ዓይነት አለው። ለመኖሪያ አካባቢ የሚመረጠው ውሃው ከጠጠር በታች የሚሄድበት ነው፤ ምክንያቱም ላዩ ደረቅ ስለሚሆን ትንኝ አይፈለፈልበትም፣ ሽታ አይወጣውም፣ ሕፃናትም ውሃውን አይነኩትም።

መጀመሪያ ፍሳሹ ወደ ማዝቀጫ ጉድጓድ ይገባል። እዚያ አሸዋው፣ ጭቃውና የምግብ ፍርፋሪው ይቀራል። ይህ ደረጃ ከተዘለለ ጠጠሩ በአጭር ጊዜ ይደፈናል። ቀጥሎ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው መደብ ይቆፈራል፤ ውሃው ወደ መሬት እንዳይሰርግ ወለሉና ግድግዳው በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ወይም በወፍራም ላስቲክ ይሸፈናል። ወለሉ ወደ መውጫው በኩል ጥቂት ይዘቀዝቃል። ከዚያ የታጠበ ጠጠር ይሞላበታል፤ በመግቢያውና በመውጫው ላይ ትልልቅ ድንጋይ፣ መካከሉ ላይ ጠጠር። መውጫው ላይ ከፍና ዝቅ የሚል ቧንቧ ይደረጋል፤ የውሃውን ከፍታ የምንቆጣጠረው በሱ ነው። በመጨረሻ ተክሉ ከነሥሩ ተቆርጦ ይተከላል። ተክሉ ሥር እስኪሰድና ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ጥቂት ወራት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ንጹሕ ውሃ መጠበቅ አይገባም።

ፓምፕ የለውም፤ መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ውሃው በራሱ ይወርዳል። ኬሚካልም የለውም። ዋናው ወጪ ጠጠር፣ ቁፋሮና ቧንቧ ነው።

የትኛው ተክል?

የረግረግ ተክል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ደንገል የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ነው። ፊላ ጫፉ ላይ ቡናማ ዘንግ የሚያበቅለው ነው። ሸምበቆና ቄጤማንም የማያውቅ የለም። ክልላችን ራሱ የዳቡስ ረግረግ ያለበት ነው፤ የዳቡስ ወንዝ ያንን ሰፊ ረግረግ አልፎ ወደ አባይ ይገባል። ደንቡ ከሩቅ ማስመጣት ሳይሆን በአቅራቢያው ካለ ጅረት ዳር የበቀለውን መውሰድ ነው፤ አየሩንና አፈሩን የለመደ ስለሆነ ይጸድቃል።

ሁለት ነገሮችን ግን እንለይ። አንደኛው ሽመል ነው። የክልላችን መለያ የሆነው የቆላ ቀርከሃ አፈር ይይዛል፣ ቤትና አጥር ይሆናል፤ ነገር ግን የረግረግ ተክል አይደለም። ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ይበሰብሳል። ቦታው የመደቡ አጥር ላይ እንጂ መደቡ ውስጥ አይደለም። ሁለተኛው እንቦጭ ነው። እንቦጭ ከቆሸሸ ውሃ ላይ ንጥረ ነገር በፍጥነት ስለሚወስድ በአንዳንድ አገሮች ለማጣሪያ ተሞክሯል። እኛ ግን ልናስበውም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ ላይ ከታየ ወዲህ ያደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። ዘሩ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የህዳሴው ግድብ ሐይቅ ያለው በክልላችን ነው፤ ለማጣሪያ ብሎ እንቦጭን በእጁ የሚያመጣ ሰው ችግሩን ወደ ሐይቁ አሻግሮ ያመጣዋል።

ሌሎች ምን ሠሩ?

ሐሳቡን በዘመናዊ ሳይንስ መልክ ከጀመሩት አንዷ ጀርመናዊቷ ካቴ ዛይድል ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የረግረግ ሣሮች የተበከለ ውሃ ማጥራት እንደሚችሉ መሞከር ጀመረች። ዛሬ ከዓለም ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ የሚገኘው ዖማን ውስጥ ኒምር በሚባል በረሃ ነው። እዚያ ከነዳጅ ጉድጓድ ጋር የሚወጣ ዘይት የነካው ውሃ በቀን ከ100 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ በሸምበቆ ማሳዎች ውስጥ ያልፋል።

በአገራችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሞጆ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ ሠርተዋል። የቆዳ ፍሳሽ ከባድ ነው፤ ለማልፊያ የሚውለው ክሮሚየም አለበት። ስለዚህ ተክሉን ብቻውን አላሠለፉትም። ፍሳሹ በመጀመሪያ አየር በሌለበት ታንከር ይብላላል፣ ባዮጋዝም ይወጣዋል። የረግረጉ ተክል የሚመጣው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ተክሉ ጥሩ አጣሪ የሚሆነው ከፊቱ ሌላ ሥራ ሲሠራለት ነው።

ከካምፓላ ደግሞ ማስጠንቀቂያ እናገኛለን። የናኪቩቦ የደንገል ረግረግ የከተማዋን ፍሳሽ እያጣራ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲያወርድ ኖሯል፤ ከተማዋም የምትጠጣው ከዚያው ሐይቅ ነው። ረግረጉ በእርሻና በግንባታ እየተሸረፈ ሲሄድ የማጣራት አቅሙም ቀነሰ። በነጻ የሚገኝ አገልግሎት ዋጋው የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከጠፋ በኋላ ነው። እኛም አዲስ መደብ ከመሥራታችን በፊት ያሉትን ረግረጎች አለማድረቅ ይቀድማል።

ስሌቱ በመስጂድ ውዱእ ቦታ

የውዱእ ውሃ ከሁሉም ፍሳሽ ቀላሉ ነው። ሰገራ አይገባበትም፤ ያለው አቧራና ላብ፣ አልፎ አልፎም ሳሙና ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ሙከራ ይስማማል። እስቲ አብረን እናስላ።

በአምስቱ ሶላት ሁሉ 100 ሰው ውዱእ ያደርጋል እንበል። ቧንቧ ከፍቶ የሚያደርግ ሰው 5 ሊትር ቢያፈስ በቀን 2,500 ሊትር ማለትም 2.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። ውሃው መደቡ ውስጥ 3 ቀን ይቆይ ብንል 7.5 ሜትር ኩብ ውሃ መያዝ አለብን። የመደቡ አብዛኛው ክፍል ጠጠር ነው፤ ለውሃ የሚተርፈው ክፍተት 40 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ 7.5ን ለ0.4 ስናካፍል 18.75 ሜትር ኩብ መደብ እናገኛለን። ጥልቀቱ 0.6 ሜትር ከሆነ ስፋቱ 31 ካሬ ሜትር ያህል ነው።

አሁን ሱናውን እናምጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ ውሃ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ሙድ ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። ሰዉ ሁሉ በ1 ሊትር ቢያደርግ የቀኑ ፍሳሽ 500 ሊትር፣ የመደቡም ስፋት 6 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ከ31 ወደ 6! በሌላ አነጋገር ውሃ መቆጠብ ማጣሪያውን በአምስት እጥፍ ያሳንሰዋል። ጠጠሩ፣ ቁፋሮውና ላስቲኩም አብሮ ይቀንሳል። በዓለም ላይ ርካሹ የፍሳሽ ማጣሪያ ያልፈሰሰ ውሃ ነው።

የማይችለው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ በጥንቃቄ አንብቡ። ሸርቆሌና አካባቢው የወርቅ አገር ነው፤ በባህላዊ መንገድ ወርቅ እያጠቡ የሚተዳደሩ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። በዓለም ላይ በባህላዊ ወርቅ ሥራ በስፋት የሚውል ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ የሚባል መርዝ አለ። «በወርቅ ሥራ የቆሸሸውንስ ውሃ በደንገል እናጥራው» የሚል ሰው ቢመጣ መልሳችን «አይሆንም» ነው።

ምክንያቱም ባክቴሪያ የምግብ ትራፊን ይበላል፤ ብረትን ግን አይበላም። ክሮሚየምም ሆነ ባዜቃ አይጠፋም፤ ከውሃው ወጥቶ ሥሩና ዝቃጩ ውስጥ ይቀመጣል። የባዜቃ ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። ኦክሲጅን በሌለበት ዝቃጭ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ባዜቃን ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል። ይህ ከፊተኛው የባሰ መርዝ ነው፤ ዓሣ ውስጥ ይጠራቀምና ወደ ሰው ይደርሳል። የጃፓኗ ሚናማታ ከተማ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1956 የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ነርቭን ይጎዳል፣ ፅንስንም አይምርም። ስለዚህ የባዜቃ መፍትሔ መጀመሪያውኑ ባዜቃን ውሃ ውስጥ አለማስገባት ነው። ጭቃውን ብቻ ለማዝቀጥ ግን ማዝቀጫ ኩሬ ይጠቅማል፤ ወርቅ አጣቢው ወንዙን ከማደፍረስ ይድናል።

ለተሕዋስያንም ልኩን እንወቅ። የሽንት ቤት ፍሳሽ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊዮን የሰገራ ባክቴሪያ ቢኖረውና መደቡ 99 በመቶውን ቢያስወግድ ጥሩ ውጤት ነው። የቀረው ግን 100,000 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ ጥሬ የሚበላ አትክልት የሚጠጣው ውሃ ከ1,000 እንዳይበልጥ ነበር ያለው። «99 በመቶ ጠራ» ሲባል በደስታ መዝለል አይገባም።

የፊቅህ ጥያቄ

ብዙ ወንድሞች «ይህ ውሃ ለውዱእ ይሆናል ወይ?» ማለታቸው አይቀርም። መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ መነሻውን ያውቃል፤ ውሃ በነጃሳ ምክንያት ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው ከተለወጠ ነጃሳ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ከሁለት ቁላ ያነሰ ውሃ ነጃሳ ሲነካው ባይለወጥም ይነጀሳል፤ በማሊኪ መዝሀብ ግን ዋናው መለኪያ መለወጡ ነው። ተጣርቶ ስለተመለሰ ፍሳሽ ደግሞ የሳዑዲ ዐረቢያ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት በ1398 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1978) ውሳኔ ሰጥቷል። የውሳኔው መንፈስ ይህ ነው፤ ፍሳሹ የነጃሳው ምልክት በቀለም፣ በጣዕምም ሆነ በሽታ ፈጽሞ እስካይታይ ከተጣራ ለጦሃራ መዋል ይችላል፤ ለመጠጥ ግን ለጤና ሲባል መጠንቀቅ ይሻላል። የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1989 ወደዚሁ አቅጣጫ ሄዷል።

ፊቅህና ምሕንድስና እዚህ ላይ አይጋጩም፤ የሚጠይቁት ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ነው። ፊቅህ «ለዒባዳ ይሆናል?» ይላል፤ ላቦራቶሪ «ሰው ያሳምማል?» ይላል። ባዜቃም ሆነ ኮሌራ ያለበት ውሃ ጠርቶ፣ ሳይሸት፣ ጣዕሙም ሳይለወጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ፈተናዎች መታለፍ አለባቸው። በተግባር ግን እኛ የምንመክረው ቀላሉን ነው፤ ከመደቡ የሚወጣውን የውዱእ ውሃ ለዛፍ እናውለው። አሶሳ የማንጎ አገር ናት፤ በበጋ ወራት ማንጎ ውሃ ይፈልጋል። ሥሩ ላይ የፈሰሰ ውሃ ፍሬውን አይነካም፤ የዑለማዎቹም ልዩነት ውስጥ አንገባም፤ ዛፉን ተክሎ ሰው ወይም ወፍ ለበላበትም ሰደቃ ይጻፍለታል።

ማን ይጠብቀው?

እንዲህ ያሉ ሥራዎች የሚሞቱት በአብዛኛው በዲዛይን ስህተት ሳይሆን ከምረቃው ማግሥት ጠባቂ በማጣት ነው። ማዝቀጫው በየጊዜው መጠረግ አለበት። ተክሉ ሲያረጅ መታጨድ አለበት፤ ሳይታጨድ ከወደቀና ከበሰበሰ የወሰደውን ናይትሮጅን መልሶ ውሃው ውስጥ ይተዋል። ከውዱእ መደብ የታጨደው ለጣሪያ፣ ለምንጣፍ ወይም ለኮምፖስት ይሆናል። ጠጠሩ ላይ ውሃ ከታየ መደፈን ጀምሯል ማለት ነው። ይህ ሁሉ በወር ጥቂት ሰዓት የሚጠይቅ እንጂ መሐንዲስ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ኃላፊነቱ ግን በስም የተሰጠው ሰው ያስፈልጋል፤ የሁሉም የሆነ ነገር የማንም እንዳይሆን።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ ወደየቀያችን ስንሄድ፣ የሸርቆሌ፣ የኩርሙክ፣ የመንጌና የሆሞሻ ልጆች ሦስት ነገር መዝግበን እንምጣ፤ የመስጂዳችን የውዱእ ውሃ ወዴት እንደሚፈስ፣ በቀን ስንት ባልዲ እንደሚሆን፣ በቅርብ ጅረት ዳር ደንገል ወይም ፊላ ይበቅል እንደሆነ። ባልዲና ሰዓት ይበቃል። ቁጥሩን ይዘን ከመጣን የቀረውን ስሌት ከላይ እንዳያችሁት አብረን እንሠራዋለን፤ የመስጂዱን ኮሚቴና የሰፈሩን ሽማግሌዎች ማነጋገርም በቁጥር ሲሆን ይቀላል።

ውሃ አማና ነው። ከላይ ያለው የተጠቀመበትን ውሃ ከታች ያለው ይጠጣዋል። አላህ (ሱ.ወ.) ለጎረቤት የሚጠቅም ዕውቀትና ሥራ ይወፍቀን።